እጇ ብቻ የሚያውቀው ሙያ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ሂሳብ እንድናገር ነበር የተጠየቅሁት። እኔ ግን በመዝገባችን ውስጥ ስለሌለ ሀብት ልናገር። ከቡሬ ስንት ኪሎ በርበሬ እንደገዛን፣ ለወፍጮ ስንት ብር እንደከፈልን ተጽፏል። ኮረሪማውና ነጭ አዝሙዱ በምን ልክ እንደሚገባ፣ ቅመሙ ምን ያህል ታምሶ እንደሚወርድ ግን የትም አልተጻፈም። የምታውቀው አንዲት እናታችን ናት። እሷ የታመመች ጊዜ ያዘጋጀነውን በርበሬ ደንበኞቻችን መልሰውልናል።

«ደብቃን ነው» ብለን ከማማታችን በፊት የራሴን ልንገራችሁ። ቀድሞ በነበርሁበት መሥሪያ ቤት የደመወዝ ሰንጠረዡን በኤክሴል የምሠራው እኔ ብቻ ነበርሁ። ዲግሪ ያላት ወጣት ተቀጠረች። «አሳዪኝ» ስትለኝ «ቆይ፣ ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል» እላታለሁ። እውነቱ ግን ፍርሃት ነበር። የእኔ ዲፕሎማ ነው፤ ይህንንም ካወቀች እኔን ለምን ይፈልጉኛል? ከዚያ ወለድሁ። አራስ ቤት ሆኜ ስልኬ ይጮህ ጀመር። ደመወዝ ዘገየ፤ የጽዳት ሠራተኞቹ ሳይከፈላቸው በዓል ዋሉ። ስመለስ ልጅቷ፣ «ደግሜ ብጠይቅሽ ሞኝ እመስልሻለሁ ብዬ አፈርሁ» አለችኝ። እኔ ቦታዬን ፈራሁ፤ እሷ መናቅን ፈራች። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የተባለው ለሁለታችንም ነው።

ፍርሃት ባይኖርም እንኳ ሙያ ሁሉ በአፍ አይነገርም። ዛሬ ፓናሶኒክ የምንለው የጃፓኑ ማትሱሺታ ኩባንያ ዳቦ አቡክቶ የሚጋግር የቤት ማሽን ሊሠራ ቢሞክር ሊጡ አልሆን አለው። እ.ኤ.አ. በ1985 ከቡድኑ አንዷ፣ ኢኩኮ ታናካ፣ ኦሳካ ውስጥ በዳቦው ወደታወቀ ሆቴል ሄዳ ከዋናው ጋጋሪ ሥር ተለማመደች። ሰውየው ሊጡን እየጠመዘዘ እንደሚስብ ያየችው አጠገቡ ቆማ ነው። ከመሐንዲሶቹ ጋር ብዙ ከሞከሩ በኋላ ማሽኑም እንደዚያው እንዲያደርግ ሆኖ ተሠራ። እኛም «እጇ ይጣፍጣል» ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው። እናታችን የምትመጥነው በዓይኗ ነው፤ ንገሪን ብንላት ከየት ትጀምረው?

ስለዚህ ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ፣ በሚቀጥለው ዝግጅት ሁለት አባላት ሚዛን ይዘው አጠገቧ ይቁሙ፤ ቅመሙን ከመጨመሯ በፊት እየመዘኑ ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ልኩ በስሟ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ ያስተማረችበትም ቀን እንደ ሥራ ቀን ይከፈላት። ሙያዋን ወስደን ስሟን ብንተው፣ ነገ ማንም አያሳየንም። ሦስተኛ፣ በጠየቀችና ባሳረረች ላይ አንሳቅ።

እኔም ከራሴ ልጀምር። የማኅበራችንን መዝገብ እስከ ዛሬ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ሁለት እህቶች አጠገቤ ይቀመጡ፤ አሳያቸዋለሁ።