ድንጋይ ሳይነቅላት

የዛሬው ወግ ስለ አንዲት ፕላስቲክ ነው። ከፒካፕ የፊት ፓራውልት ሥር የተንጠለጠለችውን፣ መሬቱን ልትልስ ትንሽ የቀራትን ጥቁር ከንፈር የጂንካ ሹፌሮች በደንብ ታውቋታላችሁ። ወደ ቱርሚ፣ ወደ ኦሞራቴ፣ ወደ ማጎ በሚመላለስ ፒካፕ ላይ ሙሉዋን ካያችኋት መኪናው ገና ከአስፋልት አልወረደም ማለት ነው። የሌሎቹ አንድ ጫፏ ተሰንጥቋል፣ ወይም በሽቦ ታስሯል፣ ወይም ጭራሽ የለችም። የድሮው ላንድክሩዘር ፒካፕ ባለቤቶች እየሳቃችሁ እንደምትሰሙኝ አውቃለሁ። እናንተ ጋ የብረት ፓራውልት እንጂ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም።

ለመሆኑ ሥራዋ ምንድነው? መኪና ሲፈጥን አየሩ በሥሩ ይገባል። የመኪና ሆድ ደግሞ ለስላሳ አይደለም፤ ካምቢዮው አለ፣ ማርሜታው አለ፣ ባሌስትራው አለ። አየሩ ከእያንዳንዱ ጋር እየተላተመ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ከንፈሯ ይህን አየር ሆድ ውስጥ ሳይገባ ወደ ግራና ቀኝ ትመልሰዋለች። ሌላም ሥራ አላት፤ ከኋላዋ የአየር ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ በራዲያተሩ አልፎ የሞቀው አየር ወደ ታች ቶሎ ይሳባል። የነዳጅም የሙቀትም ነገር ያለባት ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለችው ፕላስቲክ እንድትስፋፋ ያደረገውን ጊዜ እኛም አንረሳውም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነዳጅ ሲወደድ የአዲስ አበባ ታክሲ ሹፌሮች ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን አብዮት ታውቁታላችሁ። ያው የነዳጅ ቀውስ አሜሪካኖችን ሕግ አስወጣቸው። በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. የጸደቀው ሕግ የመኪና አምራቾች የተወሰነ የነዳጅ ቁጠባ ደረጃ እንዲያሟሉ አስገደደ። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጠብታ የምታድን ነገር ሁሉ ለፋብሪካ ትርፍ ሆነች። የነዳጅ ፍጆታው ፈተና የሚካሄደው ግን በሚሽከረከር ብረት ወይም በለሰለሰ አስፋልት ላይ ነው። የቱርሚን አሸዋ ወደ ፈተና ያስገባ የለም።

እዚህ ላይ አንዲት ሒሳብ አለች። አየር መኪናን የሚገፋበት ጉልበት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ከዚያ በላይ ነው የሚያድገው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትነዱ የሚገጥማችሁ የአየር ግፊያ በ40 ስትነዱ ከሚገጥማችሁ አራት እጥፍ ነው። ገልብጡት እንግዲህ፤ ኮሮኮንቹ ፍጥነታችሁን በግማሽ ሲቀንሰው፣ ከንፈሯ የምትታገለው አየር ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚያ መንገድ ላይ ናፍጣችሁን የሚበላው አሸዋውና ጉድጓዱ ነው። አየሩ እንግዳ ነው።

አሁን ወደ ደረቅ ወንዝ እንውረድ። ዳርቻው ቁልቁል ነው፤ አፍንጫው ይደፋል፣ ከንፈሯ አሸዋውን ትነካና እየዛቀች ትሄዳለች። ወዲያ ማዶ ለመውጣት ነዳጅ ሲሰጠው በአንድ በኩል ያለው የፕላስቲክ ማያያዣ «ቀጭ» ይላል። ጫፏ ታጥፋ ወደ ኋላ ትዞራለች፣ የፊት ጎማው ይረግጣታል፣ ይጎትታታል። ያኔ ብቻዋን አትሄድም። የፓራውልቱን የታችኛውን ጠርዝ ይዛ ትገነጠላለች፤ ከጎማው በላይ ያለውን የውስጥ ፕላስቲክም ታስከትላለች። ያንን ለመግዛት የከፈለ ሰው ያውቀዋል።

የዝናቡ ወቅት ደግሞ ሌላ ነው። ማጎ ሸለቆ ያለው ጥቁር ዋልካ ከኋላዋ ይለጠፍና ይደርቃል። ዝናቡ ሲያልፍ በሁለቱ የጎማ መስመሮች መካከል የበቀለው ረጅም ሣር እየታጨደ ሆድ ሥር ይጠራቀማል። ደረቅ ሣርና የጋለ ማርሜታ ከተገናኙ እሳት ነው፤ ስለዚህ ከንፈሯ ኖረችም አልኖረች ሣር መንገድ ላይ የዋለ ሹፌር ቆሞ ከሥር ሊያይ ይገባል።

የኔ ፍርድ እንግዲህ ይኸው፦ ሥራችሁ ከአስፋልት ውጭ ከሆነ ድንጋይ ሳይነቅላት እናንተ ፍቷት። አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ብሎኖችና የፕላስቲክ ማያያዣዎች ናቸው፤ ቁልፍና ካቻቪቴ ይበቃል። የማያያዣዋን መሐል መጀመሪያ ሳቡ፣ ከዚያ ሙሉዋን። በማለዳ ብርድ ፕላስቲክ ቶሎ ይሰበራልና ፀሐይ ሞቅ ሲያደርግ ብትጀምሩ ይሻላል። ብሎኖቹን በፌስታል አድርጋችሁ ከራሷ ከፕላስቲኳ ጋር እሰሩ። የመሥሪያ ቤት መኪና ከሆነ መጋዘን አስገቧት፤ በርክክብ ቀን «የት ደረሰች?» መባሉ አይቀርም።

ጋራዥ ውስጥ የሚበላሸው ሌላ ነገር ነው። አንዱ ወጣት መካኒክ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ይጠይቃል፦

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ፕላስቲክ ምን ያደርግልሃል? አንዴ ልገላግልህ?»

«ተው ልጄ፣ ከንፈሯን ብቻ ፍታ፤ ጥርሱን አትንካ!»

ጋሼ ልክ ናቸው። ከራዲያተሩ ግራና ቀኝ አየር የሚመሩት ፕላስቲኮች ከወለቁ፣ አየሩ በራዲያተሩ ማለፉን ትቶ በጎን ያመልጣል። የሞተሩን ዘይት ቋት የሚጠብቀው ብረት ከወለቀ ደግሞ ከከንፈሯ የተረፈው ድንጋይ ቀጥታ ቋቱ ላይ ያርፋል። ዘይቱ ማጎ ውስጥ ከፈሰሰ ማን ይደርስላችኋል?

ከፈታችኋት በኋላ የሙቀት መለኪያውን ተከታተሉ። ከማጎ ወደ ጂንካ በከባድ ማርሽ ስትወጡ ሞተሩን የሚያበርደው ማራገቢያው ስለሆነ የከንፈሯ መኖር አለመኖር ብዙም ልዩነት የለውም። የሚፈትናችሁ ሌላ ቦታ ነው፤ ከኮንሶ ወርዳችሁ በወይጦ ሙቀት ጭነት ይዛችሁ በአስፋልቱ ስትበሩና ወደ ቀይ አፈር ስትወጡ። እዚያ ላይ መርፌው ከለመዳችሁት በላይ ከወጣ፣ መጀመሪያ ራዲያተሩን ሣር ወይም ጭቃ እንዳልደፈነው እዩ፤ ንጹሕ ሆኖ አሁንም ከሞቀ መልሳችሁ ግጠሟት። ኑሮው ከጂንካ አርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ የሆነ ሹፌር ግን መጀመሪያውኑ አይንካት፤ ለሱ ነው የተሠራችው።

ነገ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት እስቲ ጎንበስ ብላችሁ እዩዋት። አንድ ጫፏ ለቆ ከሆነ በሽቦ ማሰሩን ተዉትና ፍቷት። መልካም መንገድ።