ሽልማቱና መምህሩ፤ ስለ ወጣት ሙዚቀኞች ውድድር



ወጣቶች በሙዚቃ መሣሪያ ለየብቻቸው እየተጫወቱ የሚወዳደሩበት ሥርዓት በአውሮጳ ከተለመደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እንዲህ ያለው ውድድር ተማሪን ምን ይጠቅመዋል፤ ምንስ ይጎዳዋል የሚለው ጥያቄ ከማንም ይልቅ መምህርን የሚመለከት ነው። ሽልማቱ በአንድ ምሽት ይሰጣል፤ ለሽልማቱ የሚያበቃው ትምህርት ግን የብዙ ዓመት ድካም ነው። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ ውድድር መምህር የዘራውን ያሳያል እንጂ ያልተዘራውን አያበቅልም። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

አስቀድሞ የውድድሩን አካሄድ መግለጽ ይገባል። በ1978 የእንግሊዝ የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. ለአገሩ ወጣት ሙዚቀኞች አንድ ውድድር አቋቋመ። ተወዳዳሪዎቹ በመሣሪያቸው ዓይነት ተከፍለው፤ የአውታር መሣሪያ የሚመቱት ለብቻ፤ የፒያኖ ተጫዋቾች ለብቻ፤ ትንፋሽ የሚነፉትም ለብቻ ይፈተናሉ። ከየክፍሉ አንደኛ የወጡት በመጨረሻ ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር ይጫወቱ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሽልማት ለትሮምቦን ተጫዋቹ ለማይክል ሄክስት ተሰጠ። ከ4 ዓመት በኋላ በ1982 የአውሮጳ የቴሌቪዥን ድርጅቶች ኅብረት ይህንኑ ምሳሌ ተከትሎ አገሮች እርስ በርሳቸው የሚወዳደሩበትን በማንቸስተር ከተማ ጀመረ። በዚያ ጊዜ የተሳተፉት 6 አገሮች ብቻ ነበሩ፤ አንደኛ የወጣውም ጀርመናዊው የፒያኖ ተጫዋች ማርኩስ ፓውሊክ ነበር።

የዳኞቹ ሥራ እጅግ አስቸጋሪ መሆኑ የታወቀ ነው። ሁለት ሯጮች በሰዓት ይለካሉ፤ ሁለት ነጋዴዎች በሚዛን ይተማመናሉ። ትሮምቦን የሚነፋው ወጣትና ፒያኖ የምትመታዋ ወጣት ግን በምን ይመዘናሉ? ዳኞቹ ድምፁ የጠራ፤ ምቱ የተስተካከለ፤ የድርሰቱም አሳብ የገባው መሆኑን ይመረምራሉ። ይህ ሁሉ ተመርምሮ የሚሰጠው ፍርድ የሊቃውንት አስተያየት እንጂ የሒሳብ ውጤት አይደለም። ስለዚህ ሁለተኛ የወጣው ልጅ ያነሰ ሰው እንደ ሆነ አድርጎ ወደ ቤቱ መስደድ ትልቅ በደል ነው።

በ1937 በቤልጅግ ዋና ከተማ በብሩክሴል በታላቁ የቫዮሊን ሊቅ በኢዛይ ስም የተደረገው ውድድር ለመምህራን የሚጠቅም ትምህርት አለው። ከመጀመሪያዎቹ 6 ሽልማቶች 5ቱን የወሰዱት ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ወጣቶች ሲሆኑ፤ አንደኛ የወጣው ዳቪድ ኦይስትራክ ነበር። ምስጢሩን የሚፈልግ ሰው ብሩክሴልን ትቶ በጥቁር ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ኦዴሳ መሄድ ይገባዋል። በዚያች ከተማ ፒዮትር ስቶልያርስኪ የተባለ መምህር ሕፃናትን ቫዮሊን ያስተምር ነበር። ኦይስትራክ ገና በ5 ዓመቱ ከእርሱ ዘንድ ትምህርቱን ጀመረ፤ ሦስተኛ የወጣችው ኤሊዛቤት ጊሌልስም የዚያው መምህር ተማሪ ነበረች። እንግዲህ በብሩክሴል አዳራሽ የተጨበጨበለት ሥራ የተሠራው ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ መምህር ክፍል ውስጥ መሆኑ አያጠራጥርም።

በ1996 በሊዝቦን በተደረገው የአውሮጳ ውድድር ያሸነፈችው ዩልያ ፊሸር ዕድሜዋ ገና 13 ዓመት አልሞላም ነበር። ቫዮሊን የጀመረችው ግን በሕፃንነቷ ነው፤ ካሸነፈችም ከ10 ዓመት በኋላ በፍራንክፈርት ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆና ታስተምር ጀመር። በ2016 የቢ.ቢ.ሲ.ን ሽልማት ያገኘው የሴሎ ተጫዋች ሼኩ ካነ ሜሰንም በኖቲንግሃም ከተማ በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ ወጣት ነው። ካሸነፈ በኋላ በቀድሞ ትምህርት ቤቱ የሴሎ ትምህርት እንዳይቋረጥ ከገንዘቡ ከፍሎ ሰጠ። የሁለቱም ሥራ ሽልማት ወደ ትምህርት ሲመለስ ዋጋው እንደሚበልጥ ያሳያል።

ነገሩ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። አሸናፊ ከበደ የመጀመሪያው ዲሬክተር የነበሩበት የአዲስ አበባው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1960ዎቹ ዓመታት ሲቋቋም ተማሪዎች የአውሮጳውን መሣሪያ ከአገሩ መሣሪያ ጋር እንዲማሩ ተደረገ። ከዚያ ትምህርት ቤት ከወጡት አንዱ በ1967 የተወለደው የፒያኖ ሊቅ ግርማ ይፍራሸዋ ነው። በልጅነቱ የተለማመደው ክራር ነበር፤ ፒያኖ መማር የጀመረው በ16 ዓመቱ ወደ ያሬድ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። በዚያ ዕድሜ ዩልያ ፊሸር የአውሮጳን ሽልማት ከወሰደች ከ3 ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። ግርማ ወደ ቡልጋርያ ሄዶ በሶፍያ ተማረ፤ ወደ አገሩም ተመልሶ በተማረበት ትምህርት ቤት አስተማረ፤ የኢትዮጵያን ዜማ መሠረት ያደረጉ የፒያኖ ድርሰቶችንም አበረከተ። በዚህ ሰው ታሪክ ተሰጥዎ አልጎደለም፤ የጎደለው ከ5 ዓመት እስከ 16 ዓመት ያለው ጊዜ ነው። ይህን ጉድለት የሚሞላው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እንጂ የዳኞች ጉባኤ አይደለም።

ደግሞ ውድድር ሊያገኛቸው የማይችል ሰዎች አሉ። በ1923 የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው በስዊስ አገር ቫዮሊን ተማሩ፤ ኋላም በካይሮ ከፖላንዳዊው ሊቅ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳቸው ወደ አዳራሽ ሳይሆን ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ሆነ። በ1967 በጀርመን አገር ታትሞ የወጣው ሸክላቸው ለችግረኞች ልጆች መርጃ ዋለ፤ ዓለም በሰፊው ያወቃቸው ሥራዎቻቸው በ2006 እንደገና ከታተሙ ወዲህ ነው። በ2023 በኢየሩሳሌም ሲያርፉ ያቆዩት ሙዚቃ የማንም ዳኛ ምስክርነት አላስፈለገውም።

የጎረቤት አገር የሱዳን ነገር ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በካርቱም የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ቤት በ1969 ተቋቋመ፤ በ1970ዎቹም ከሰሜን ኮርያ የመጡ መምህራን አስተማሩበት። ከ1989 የመንግሥት ግልበጣ በኋላ በሙዚቃ ላይ ከባድ ጫና ወደቀ። በኤፕሪል 2023 ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ከሪያድ ሠፈርና ከሌሎቹም የካርቱም ሠፈሮች ሕዝቡ በብዛት ተሰደደ፤ ከተሰደዱትም መካከል በዚያ ከተማ ኑሯቸውን የመሠረቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የተቋረጠ ሽልማት በሚመጣው ዓመት ሊቀጥል ይችላል፤ ከመምህር ወደ ተማሪ የሚተላለፈው ዕውቀት ግን አንድ ጊዜ ከተቋረጠ መልሶ ለመቀጠል የአንድ ትውልድ ዕድሜ ይፈልጋል።

ውድድር ለኢትዮጵያ ትምህርት አዲስ ቢመስልም የዜማ ፈተና ግን እንግዳ አይደለም። የድጓ ተማሪ በየደብሩ ሲማር ኖሮ በመጨረሻ በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ የዝማሬና የመዋሥእት ተማሪ ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። በዚያ ተማሪው የሚመዘነው ከመጽሐፉና ከመምህሩ ቃል ጋር እንጂ ከባልንጀራው ጋር አይደለም። አንዱ ስላለፈ ሌላው አይወድቅም፤ ሁለቱም ከበቁ ሁለቱም መምህራን ይሆናሉ። የአውሮጳው ሥርዓት አንዱን መርጦ ያወጣል፤ የዜማ ቤቱ ሥርዓት ግን የበቃውን ሁሉ ይመሰክርለታል። ትምህርት ቤቶች ከሁለቱ የሚጠቅመውን መውሰድ ይችላሉ።

ስለዚህ ውድድር ለማቋቋም የሚያስብ ትምህርት ቤት አስቀድሞ ሦስት ነገር ቢያሟላ መልካም ነው። አንደኛ፤ ልጁ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ከመምህር ጋር የሚለማመድበት መሣሪያ ይኑር፤ ፒያኖ ባይገኝ ክራር፤ ማሲንቆና ዋሽንት በአገር ውስጥ ይሠራሉ። ሁለተኛ፤ ዳኞቹ የየመሣሪያውን ሕግ የሚያውቁ ይሁኑ። ትዝታን፤ ባቲን፤ አምባሰልንና አንቺሆዬን በአምስት ድምፅ የሚጫወት ልጅ የአውሮጳን ቅኝት ብቻ በሚያውቅ ጆሮ ሊፈረድበት አይገባም። ሦስተኛ፤ ለአሸናፊው ብቻ ሳይሆን ለተወዳዳሪው ሁሉ የዳኞቹ አስተያየት በጽሑፍ ይሰጠው፤ ምን እንደ ሠመረለትና ምን እንደሚቀረው አውቆ ወደ መምህሩ እንዲመለስ።

እነዚህ ከተሟሉ ውድድሩ የትምህርት አጋዥ ይሆናል። ካልተሟሉ ግን በቤቱ መሣሪያና አስተማሪ ላለው ለጥቂቱ ልጅ ሽልማት መስጠት፤ ለቀሩት ደግሞ የሌለባቸውን ስንፍና መመስከር ይሆናል። ከትምህርት ቤት ደጅ ቆሞ የክራር ድምፅ ሲሰማ ጣቶቹን የሚያንቀሳቅስ ሕፃን ይህን ፍርድ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የሚያስተምረውን ሰው ነው።