የዘፈንን ምስጢር ስለ ማስተዋል



ከመሥሪያ ቤት ወጥታችሁ ወደ ቀራንዮ በሚሄደው ታክሲ ስትሳፈሩ፣ ሾፌሩ የከፈተውን ዘፈን ወደዳችሁም ጠላችሁም ትሰማላችሁ። አንዱ ተሳፋሪ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሁለተኛው ይተክዛል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ይህ ዘፈን ነገር አለበት» ይላል። ዘፈኑ አንድ ሲሆን ሰሚዎቹ ስለ ምን ተለያዩ?

ዘፈን ሁለት አንደበት አለው፤ አንደኛው ዜማው፣ ሁለተኛው ግጥሙ ነው። ዜማው ስሜትን ይናገራል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተመሠረቱ ናቸው፤ በትዝታ የተቃኘ ዘፈንም ቃሉ ገና ሳይለይ ልብን ወደ ኋላ ይመልሳል። ግጥሙ ግን ምስጢር ይዞ ይመጣል፤ በሰምና ወርቅ ልማዳችን «አንቺ» የተባለችው ፍቅረኛ፣ እናት ወይም አገር ልትሆን ትችላለችና።

ወርቁን የሚሰጠው ገጣሚው ብቻ አይደለም፤ ዘመኑም ይሰጠዋል። የጥላሁን ገሠሠ «አልቻልኩም» በሰሙ የፍቅር ምሬት ነው። ይሁን እንጂ ጥላሁን የክብር ዘበኛ ድምፃዊ ነበርና፣ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ ታስሮ ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን «አልቻልኩም» የሚል ቃል ከፍቅር አልፎ የሕዝብ እሮሮ ሆኖ ቢሰማ አያስደንቅም።

ወደ እኛ ጊዜ ስንመጣ፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ማላን ጅራ» እንዲሁ ነው። ሰሙ የተለያዩ ፍቅረኞች ናፍቆት ሲሆን፣ ወርቁ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከመሬቱ የተነሣ ሰው ኀዘን ነው። በከተማይቱ ምዕራብ፣ በቀራንዮ በኩል፣ ትናንት እርሻ የነበረው ዛሬ ሠፈር ሆኗል። ስለዚህ ኦሮምኛ የማያውቀው ተሳፋሪ በዜማው ብቻ ሲተክዝ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ጎረቤቱ የአባቱን ማሳ ያስታውስ ይሆናል። ድምፃዊው ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተገደለ ወዲህ ደግሞ በዘፈኑ ላይ ሌላ ኀዘን ተጨምሮበታል።

እንግዲህ ዘፈን ሁሉ የተሰወረ ፖለቲካ አለበት ማለት ስሕተት ነው፤ ዘፈን ሁሉ ጨዋታ ብቻ ነው ማለትም ስሕተት ነው። አስቀድማችሁ ቅኝቱን አዳምጡ፤ ቀጥሎ «አንቺ» የተባለችው ማን እንደ ሆነች፣ ዘፈኑም መቼና ለማን እንደ ተዘፈነ መርምሩ። ቋንቋውን ባታውቁት የሚያውቀውን ጎረቤታችሁን ጠይቁ። ያልገባውን ዘፈን የሚኰንን ሰው፣ ያላነበበውን ማመልከቻ «አይቻልም» ብሎ የሚፈርም ሹም ይመስላል። ጠይቆ የሰማ ግን ዘፈኑንም ጎረቤቱንም ያውቃል።