የባዕድ አገር እንጀራና የአንድ ዓመት ኑሮ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ለሐይቅና ለአምባሰል ተወላጆች የተደረገ ንግግር)



ከሐይቅም ሆነ ከውጫሌ የመጣን ሁላችን ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሄደ ዘመድ ወይም ጎረቤት አለን። ብዙዎቹም እኅቶቻችን ናቸው።

እንበል፤ አንዲት የአምባሰል ልጅ በጅዳ በሰው ቤት ትሠራለች። እዚያው የመናዊ አናጢ አግብታ ወልዳለች። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 መሠረት ልጇ ኢትዮጵያዊ ነው። እርሷም በአንቀጽ 33 መሠረት የውጭ አገር ሰው በማግባቷ ዜግነቷን አታጣም። የቀረው ባልየው ነው።

እርሱን የሚመለከተው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ነው። ሌላው የውጭ አገር ሰው አራት ዓመት እዚህ መኖር ሲጠየቅ፥ ከኢትዮጵያዊ ጋር የተጋባ ሰው ግን ጋብቻው ሁለት ዓመት ከሞላውና ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ ከኖረ ይበቃዋል። ሁለቱ የጋብቻ ዓመታት ጅዳም ሆነው ቢያልፉ ይቆጠራሉ። አንዱ ዓመት ግን እዚህ ብቻ ነው፤ ሚስቲቱ ውጭ አገር ሥራ ላይ ናት ተብሎ አይቀነስም።

ይህን ወደ ኑሮ እንመልሰው። አብራው መጥታ ሐይቅ ትክረም ቢባል፥ የመመለሻ ቪዛዋ ቀኑ ሲያልፍ ኢቃማዋ ይቃጠላል፥ ደመወዟም ይቋረጣል፤ በዚያ ደመወዝ የሚያድሩት ደግሞ ወላጆቿ ናቸው። ባልየው ብቻውን ይምጣ ቢባል፥ ያለ ሥራ ፈቃድ ተቀጥሮ መሥራት ስለማይችል አማቶቹ ቤት ተቀምጦ ወር ይቆጥራል። አማት ቤት ዓመት መቀመጥ ምን እንደሆነ ያገባችሁ ታውቁታላችሁ።

የዱሮውን ሕግ የሚናፍቅ እንዳይኖር ይህን ልጨምር። በ1922ቱ ሕግ ኢትዮጵያዊ ወንድ ያገባት የውጭ አገር ሴት በጋብቻው ብቻ ኢትዮጵያዊት ትሆን ነበር። ኢትዮጵያዊቱ ግን ለባሏ የምታካፍለው ዜግነት አልነበራትም፤ እንዲያውም የባሏን ዜግነት ካገኘች የራሷን ታጣ ነበር። የ1996ቱ አዋጅ ወንድና ሴቱን ማስተካከሉ የሚመሰገን ነው።

የሐሰት ጋብቻን ለመከላከል እዚህ መኖር ያስፈልጋል የሚሉ አሉ፤ እኔም እስማማለሁ። የአሜሪካ ሕግ ከዜጋ ጋር የተጋባውን በተለመደው መንገድ ሦስት ዓመት ኑር ይለዋል፤ ዜጋው በመንግሥቱ ወይም የውጭ ንግድ በሚያካሂድ የአሜሪካ ድርጅት ተቀጥሮ ውጭ አገር ሲመደብ ግን ይህን ጊዜ ለባል ወይም ለሚስት ይተዋል። ችሮታው ቀጣሪውን የተከተለ ነው። እንዳለ ብንቀዳው ለዲፕሎማት ሚስት ይደርሳል፤ ለቤት ሠራተኛዋ ባል አይደርስም።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ዓመቱ ይከፋፈል የሚል ነው። ሚስቲቱ በሕጋዊ ውል ውጭ አገር መሥራቷ ከተመሰከረ፥ በየፈቃዷ ጊዜ አብረው እየመጡ የተቀመጡባቸው ወራት ተደምረው ዓመት ይሙሉ። ለሚስትም እንዲሁ።

እስከዚያው ለዘመዶቻችሁ ስትደውሉ የጋብቻ ወረቀታቸውን በደንብ እንዲያስቀምጡ ንገሯቸው። አዋጁ በውጭ አገር ሕግ የተፈጸመውን ጋብቻ ይቀበላል፤ ሁለቱ ዓመታትም የሚቆጠሩት ጋብቻው ከተፈጸመበት ቀን ነው። ባልየውም የቀድሞ ዜግነቱን መልቀቅ እንደሚጠየቅ ከወዲሁ ይወቀው።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ።