ከፎቶው ጀርባ ጻፉ

የአዲስ አበባዋ ፒያሳ የቆየች የፎቶ ቤት ሰፈር ነበረች። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አጼ ምኒልክን ያነሱ ነበር፤ ልጃቸው ቶርኮምም የአጼ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ሆኑ። ከክፍለ ሀገር ዘመድ ጥየቃ የመጣ ሰውም ነጠላውን አስተካክሎ፣ ሐይቅና ዛፍ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ይቆም ነበር።

እኛ ፎቶ አንሺዎች ዛሬ ግን እውነተኛ ሐይቅና ተራራ ፍለጋ ጣናና ስሜን ድረስ እንጓዛለን። ተራራው ለከርሞም ይጠብቀናል፤ አያቶቻችን ግን ላይጠብቁን ይችላሉ። ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ፣ ፀሐይ ሳትበረታ እማማን ደጃፋቸው ላይ አንሷቸው። ፎቶውን አሳትሙት፤ ከጀርባው ስም፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት ጻፉበት። ስም ያልተጻፈበት ፎቶ ለልጅ ልጅ የባዳ ፎቶ ነው።