የካርቱም ሳተላይትና የመምህሩ ድርሻ



ጎረቤታችን ሱዳን በጥቅምት 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና፣ ከታይዩዋን አስወነጨፈች። ከ47 ቀን በኋላ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው የእኛዋ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. 1 ከዚያው ስፍራ፣ በዚያው ዓይነት ሮኬት ተከተለቻት። ሁለታችንም በወዳጅ አገር ሮኬት ወጣን፤ ይህም የሚያሳፍር አይደለም። ጥያቄው ግን ከሽርክናው ምን ተማርን ነው።

አዲስ ባትሪ ወይም ሬዲዮ በምድር ላይ ተፈትኖ ቢያልፍም፣ አየር በሌለበት፣ ጨረር በበዛበት፣ በየ90 ደቂቃው ያህል ግለትና ቅዝቃዜ በሚፈራረቁበት ሕዋ እውነተኛ ጠባዩ የሚታወቀው እዚያው ሲደርስ ነው። ቢበላሽ ጠጋኝ አይደርስለትም። ስለዚህም ሙከራው በትንሽና በርካሽ ዕቃ ቢደረግ ይመረጣል። እያንዳንዱ ጎኗ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነች ኩብ ሳተላይት ለዚህ የተመቸች ናት፤ መጀመሪያውንም የታሰበችው ለተማሪዎች ነበር። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለችውን በተባበሩት መንግሥታትና በጃፓን የጠፈር ድርጅት ረዳትነት፣ በግንቦት 3 ቀን 2010 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወደ ምሕዋር አስለቀቀ።

የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎችም የራሳቸውን ኩብ ሳተላይት ይነድፉ ነበር። በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማይቱ የተነሣው ጦርነት ግን የመማሪያ ክፍሎችን ዘጋ፤ መምህሩንም ተማሪውንም በተነ። ሳተላይት ከውጭ ይገዛል፤ አንድን መሣሪያ ለሕዋ የማሰናዳት ልምድ ያለው ሰው ግን ከተበተነ እንደገና ለማፍራት ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ወደ አገራችን ከተሰደዱት የሱዳን ልጆች መካከል ይህን ሙያ የጀመረ ቢገኝ፣ በሚቀጥለው የሽርክና ሥራ ከእኛ ተማሪዎች ጎን መቀመጫ ይሰጠው።