መብራት ሲጠፋ ውሃው የት ይሄዳል? የቤት አኳሪየም የትርፍ ውሃ መውረጃና የታችኛው ገንዳ አሠራር



ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባሉት የእሸት ቡና ማጠቢያዎች የሠራ ሰው አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ቡናው ውሃ ውስጥ ሲገባ የበሰለው ፍሬ ይሰምጣል፣ ቀላሉና የተበላሸው ይንሳፈፋል፤ ከላይ የሚፈሰው ውሃም ተንሳፋፊውን ይዞ ይሄዳል። የዛሬው ርእሳችን የሆነው የቤት አኳሪየም ማጣሪያም የሚጀምረው ከዚሁ ሐሳብ ነው።

የትርፍ ውሃ መውረጃው ውሃን የሚቀበለው ከመስታወቱ ገንዳ ገጽ ነው። ስለዚህ በላዩ የተንሳፈፈውን ቅባትና የምግብ ፍርፋሪ ጠርጎ በቧንቧ ወደ ታችኛው ገንዳ፣ ማለትም ወደ ሳምፕ፣ ያወርዳል። በሳምፑ የመጀመሪያ ክፍል ስፖንጅ ቆሻሻውን ይይዛል። በሁለተኛው ክፍል፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ ድንጋዮች ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች ከአሳው የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰው ናይትሬት ይለውጣሉ። ከመጨረሻው ክፍል ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ ይመልሳል።

ይሁን እንጂ የዚህ ሥርዓት ብቃት የሚፈተነው ሲሠራ ሳይሆን ሲቆም ነው። የመብራት መቆራረጥ እንግዳ ባልሆነበት አካባቢ ይህን ማስላት ግድ ይላል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ውሃው ግን ወዲያው አይቆምም። የመመለሻው ቧንቧ አፍ ከውሃው ገጽ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የተተከለ ከሆነ፣ አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስ ውሃውን ወደ ታች ይስባል። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ ገንዳ ይህ 40 ሊትር ያህል ነው። ሳምፑ ለዚህ የሚበቃ ባዶ ቦታ ከሌለው ወለሉ ይጥለቀለቃል።

መፍትሔው የቧንቧውን አፍ ወደ ውሃው ገጽ ማቅረብ፣ ወይም ከገጹ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቧንቧውን በትንሹ መብሳት ነው። ቀዳዳው ከውሃ ሲወጣ አየር አስገብቶ ስበቱን ይቆርጣል፤ እንዳይደፈን ግን በየጊዜው መጽዳት አለበት። ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ቆሻሻ ሲይዘው በደንብ ስለማይዘጋ፣ በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

ተቃራኒው አደጋም አለ። መውረጃው ቢደፈን ፓምፑ በክፍሉ ያለውን ውሃ ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ የፓምፑ ክፍል ውሃ በላይኛው ገንዳ ካለው ባዶ ቦታ መብለጥ የለበትም፤ ሁለተኛ መጠባበቂያ መውረጃም ያስፈልጋል።

እንግዲህ አሳ ከማስገባታችሁ በፊት ፓምፑን ከሶኬት ነቅላችሁ ውሃው እስኪረጋ ጠብቁ። ሳምፑ ካልፈሰሰ ፓምፑን መልሳችሁ አስነሡና ውሃው በፓምፑ ክፍል የሚቆምበትን ከፍታ አስምሩ። ከዚያ መስመር በላይ ውሃ አትጨምሩ።